የቤት ሮቶ እንዴት ባዶ ተደርጎ ይታጠባል?

ባሕር ዳር ውስጥ ሽምብጥም ሂዱ ዓባይ ማዶ፣ ከአጥር በላይ ብቅ ያለ ሮቶ አይታጣም። ውሃ በጠፋ ቀን የሚያድነን እሱ ነው። ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን የሚያይ ግን ጥቂት ነው። ከቧንቧው ጥርት ያለ ውሃ እስከወረደ ድረስ ሮቶው ንጹሕ ይመስለናል።

አይደለም። ወደ ቤት የሚገባው መስመር የሚነሣው ከሮቶው ወለል ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ደለሉ ከሱ በታች ይተኛል፤ በየወሩም ይወፍራል። ውሃው ወደ ታች ሲያልቅ ወይም አዲስ ውሃ በኃይል ሲገባ ይታወካል። ያን ቀን ሻወሩ ቡናማ ያወርዳል፤ እኛም “ዛሬ ውሃው ተበላሽቷል” ብለን ከተማውን እንወቅሳለን።

በዓመት ሁለት ጊዜ መታጠብ አለበት ባይ ነኝ። አንዱ ክረምቱ ሲወጣ፣ ጥቅምት ገደማ ነው፤ ድፍርስ ውሃ የሚበዛው በክረምት ስለሆነ። ሌላው የካቲት ላይ፣ የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት ሳይገባ። በሞቀ ውሃ ውስጥ ክሎሪን ቶሎ ይጠፋል፤ ተሕዋስያን ደግሞ ቶሎ ይራባሉ።

ቀኑን ምረጡ

ውሃ በፈረቃ የሚመጣላችሁ ከሆነ ተራችሁ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ጀምሩ። ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ወደ ሮቶው የሚያስገባውን ቫልቭ ዝጉና ያለውን ተጠቀሙበት። ልብስ ይታጠብ፣ አትክልት ይጠጣ፣ ግቢው ይጽዳ። ይህን ሁሉ ውሃ ቦይ ውስጥ መድፋት ነውር ነው። ለመጠጥና ለማለቅለቂያ ግን ጥቂት ጀሪካን ቀድማችሁ ሙሉ።

የሚያስፈልጉት በረኪና፣ እጀታው ረጅም የሆነ ለስላሳ ብሩሽ፣ ስፖንጅ፣ ባልዲ፣ ጆግ፣ የውሃ ጎማና የእጅ ጓንት ናቸው። በረኪናው ሽቶና ሳሙና ያልተጨመረበት፣ በቅርቡ የተመረተ ይሁን። ሱቅ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ በረኪና ኃይሉ ይደክማል። የሽቦ ብሩሽ አትጠቀሙ፤ ፕላስቲኩን ይጭረዋል፣ ቆሻሻም በጭረቱ ውስጥ ይሸሸጋል። ኦሞም አያስፈልግም፤ አረፋውን ማስወጣት ራሱ ሌላ ሥራ ነው።

ማፍሰስ

መጀመሪያ የቦይለሩንና የፓምፑን ማብሪያ አጥፉ። ቦይለር ያለ ውሃ ከሠራ ማሞቂያው ይቃጠላል፤ ፓምፕም ያለ ውሃ ከተሽከረከረ እንደዚያው።

ሮቶው ከሥሩ መክፈቻ ካለው ክፈቱት። ከሌለው ጎማውን በውሃ ሙሉና ሁለቱንም ጫፍ በአውራ ጣት ድፈኑ። አንዱን ጫፍ ሮቶው ወለል ላይ አድርሱ፤ ሌላውን ከሮቶው በታች አውርዳችሁ ልቀቁት። ውሃው ራሱ ይወርዳል፤ በአፍ መምጠጥ አያስፈልግም። ከሥር ትንሽ ሲቀር ደለሉን በብሩሽ በጥብጡትና በጆግ ቅዱት። የመጨረሻውን በስፖንጅ ጥረጉ።

ሮቶው ባዶ ሳለ የተቀመጠበትን ማማ ፈትሹ። 1000 ሊትር ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል። ብረቱ የዛገ ወይም እንጨቱ የበሰበሰ ከሆነ የሚጠገነው አሁን ነው።

ማሸት

እዚህ ላይ አደራ የምለው አለ። መግቢያው ጠባብ ነው ተብሎ ልጅ ወደ ውስጥ አይገባም፤ በረኪና ካለማ ጭራሽ አይታሰብም። ጠባብና አየር የማይገባበት ቦታ ላይ የበረኪና እንፋሎት ሳንባ ይጎዳል። አዋቂም ቢሆን አይግባ። ሮቶው መሬት ላይ ከሆነ ቧንቧውን ፈትታችሁ በጎኑ አስተኙትና ከውጭ በረጅም ብሩሽ እሹት። ማማ ላይ ከሆነ በመክፈቻው በኩል ይሠራል። የሚወጣው ሰው ብቻውን አይሁን፤ መሰላሉን የሚይዝለት ይኑር።

መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ ብቻ እሹ፤ ጣሪያውንና የክዳኑን ውስጥ አትርሱ። የሚያሙለጨልጨው ሁሉ ሲለቅ አለቅልቁና እጣቢውን አውጡ። ከዚያ በረኪናው ይመጣል። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ፣ 20 ሊትር ውሃ ውስጥ 80 ሚሊ ሊትር ጨምሩ፤ አንድ ሙሉ የቡና ሲኒ ገደማ ነው። ያ ሲኒ ከዚያ በኋላ ለቡና አይቀርብም። በዚህ ውሃ ግድግዳውን በሙሉ አርጥቡ። ለ30 ደቂቃ እንዳይደርቅ እየደጋገማችሁ አርሱት፤ ከዚያ አለቅልቁ።

በረኪናን ከሽንት ቤት አሲድም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ። ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

መስመሩስ?

ሮቶው ታጥቦ ቧንቧው ከቆሸሸ ልፋታችሁ ግማሽ ነው። ውሃ ሲመጣ 100 ሊትር ያህል አስገቡና 100 ሚሊ ሊትር በረኪና ጨምሩ። ወደ ቦይለሩ የሚገባውን ቫልቭ ዝጉ። ከዚያ የኩሽናውን፣ የመታጠቢያውን፣ የግቢውን ቧንቧ በየተራ ክፈቱ። የበረኪና ሽታ ሲመጣ ዝጉና ሌሊቱን ይደር። ቤተሰቡ ሁሉ እንዳይጠቀም ይነገረው። በማግስቱ አፍስሱትና በንጹሕ ውሃ ሽታው እስኪጠፋ አጥቡ።

ሮቶው ውስጥ የሞተ አይጥ ወይም ወፍ ካገኛችሁ ግን ይህ አይበቃም። ከታጠበ በኋላ እስከ አፉ ሙሉት፤ ለ1000 ሊትር አንድ ሊትር በረኪና ጨምሩና 24 ሰዓት ይቆይ። ከዚያ በሙሉ ይፈሳል።

ወዴት ይፈሳል የሚለው እኛን ይመለከታል። የከተማችን ቦይ መጨረሻው ጣና ወይም ዓባይ ነው። ክሎሪን በጣም ጥቂቱ እንኳ ዓሣ ይገድላል፤ ቆሮሶውም አምባዛውም አይችሉትም። ጣና እምቦጩ ይበቃዋል። የበረኪናውን ውሃ ሽንት ቤትና የሲሚንቶ ወለል እጠቡበት። የተረፈውን ክዳኑን ከፍታችሁ ሽታው እስኪጠፋ ፀሐይ ይምታው፤ ከዚያ አትክልት በሌለበት አፈር ላይ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ። ክዳኑ ክፍት ሳለ ልጆች እንዳይጠጉ ጠብቁ።

ሮቶው ዳግም ሲሞላ ማብሪያዎቹን ከማብራታችሁ በፊት የቦይለሩን ቫልቭ ክፈቱ። የሙቅ ውሃው ቧንቧ አየሩን ጨርሶ ያለማቋረጥ ሲወርድ ያኔ ይበራል። ሮቶ ታጠበ ማለት ውሃው እንዲሁ ይጠጣል ማለት አይደለም። የሚጠጣውን አፍሉ፣ ወይም ውሃ አጋር የተባለውን የውሃ ማከሚያ በመመሪያው መሠረት ጨምሩበት።

በየወሩ አንዴ

ክዳኑን ከፍታችሁ በባትሪ እዩ። ግድግዳው አረንጓዴ ከሆነ ብርሃን እየገባ ነው፤ ክዳኑ ተሰንጥቆ ወይም ሮቶው ነጥቶ ሊሆን ይችላል። ጥላ ሥሩለት ወይም ክዳኑን ቀይሩ። ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ ኳስ መሥራቱንም በእጅ ከፍ አድርጋችሁ ሞክሩ።

ትርፍ ውሃ የሚወጣበትን ቱቦ ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ትንኝ የምትገባው ግን በእሱ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የወባ አገር ናት። በሙቀት ጊዜ ውሃ ላይ የተጣለ እንቁላል በ10 ቀን አካባቢ ትንኝ ሆኖ ይበራል። ያረጀና የታጠበ አጎበር ካላችሁ ቁራጩን ሁለት ድርብ አድርጋችሁ በቱቦው አፍ ላይ አጥብቃችሁ እሰሩ። ሲቀደድ ቀይሩት።