ስማቸው ሳይገን የሶልና የኤሌክትሮኒክ ሙዚቀኞችን እንዴት ቀድመን እናገኛለን?

በ2011 አንድ የቶሮንቶ ልጅ ሦስት ሚክስቴፖችን (እንደ አልበም ያሉ የዘፈን ስብስቦችን) በአንድ ዓመት ውስጥ በነፃ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀ። ፊቱን እምብዛም አያሳይም፣ ቃለ ምልልስ አይሰጥም። የሰሙት ሁሉ «ማነው ይሄ ልጅ?» ሲባባሉ ከረሙ። ዛሬ ዘ ዊኬንድን፣ ማለትም አቤል ተስፋዬን፣ የማያውቅ የለም። ያኔ ቀድመው የደረሱበት ሰዎች የት እንደሚፈለግ የሚያውቁ ነበሩ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የማወራው የሶል ድምፅና የማሽን ምት ስለሚገናኙበት ሙዚቃ ነው። ከላይ ከጎስፔልና ከአር ኤንድ ቢ የመጣ አዘፋፈን፣ ከስር ከክለብ የመጣ ቤዝና ሲንተሳይዘር። ከዚህ ሰፈር አዲስ ሰው ቶሎ ቶሎ ይወጣል። ባንድ ማሰባሰብ የለ፣ ስቱዲዮ መከራየት የለ። ላፕቶፕ፣ ማይክና በሩ የሚዘጋ ክፍል ካለ ሥራ ይጀመራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ብዙ ጊዜ ያለ ምንም ማስታወቂያ ነው የሚወጣው። ስፖቲፋይና ዩቱዩብ ደግሞ በአብዛኛው ሌላው ሰው የሰማውን መርጠው ነው የሚያቀርቡላችሁ። ገና ብዙ ሰው ያልሰማውን የምታገኙት ራሳችሁ ስትፈልጉ ነው።

1. ከአንድ ዘፈን ጀምሩ

ከሃምሳ አይደለም፣ ከአንድ። የምትወዱትን ዘፈን ምረጡና ምኑን እንደወደዳችሁት ለይታችሁ ጻፉ። ድምፁን ነው? ቤዙን ነው? ከበሮው የሚዘገይበትን ቦታ ነው? ስልክ ላይ ባለ ማስታወሻ አንድ መስመር ይበቃል። የወደዳችሁት ድምፁን ከሆነ ዘፋኙ በእንግድነት የተሳተፈባቸውን ሥራዎች ትከተላላችሁ። ምቱን ከሆነ ደግሞ ያቀናበረውን ሰው።

2. ክሬዲቱን አንብቡ

ክሬዲት ማለት ሥራውን እነማን እንደሠሩት የሚናገረው ዝርዝር ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህችን ያዙ። ዘፋኙን ከተከተላችሁ የምታገኙት እሱን ብቻ ነው። አቀናባሪውን ከተከተላችሁ ግን ገና ያልሰማችኋቸውን አምስትና ስድስት ዘፋኞች ታገኛላችሁ።

የካሴት ዘመን ሰው ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀው ነበር። ካሴት ሲገዛ መጀመሪያ ወረቀቱን ዘርግቶ «ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር» የሚለውን ያነባል። ኤልያስ መልካ ያቀናበረው መሆኑን ካየ፣ የዘፋኙን ስም ሰምቶት የማያውቅ ቢሆንም ይገዛል። ዘሪቱ ከበደንና ኢዮብ መኮንንን የመሳሰሉ ድምፆችን በመጀመሪያ አልበማቸው ያገኘው አድማጭ ጥቂት አይደለም፤ ሁለቱም በኤልያስ እጅ ያለፉ ናቸው። ስትሪሚንግ ሲመጣ ወረቀቱ ጠፋ፣ መረጃው ግን አልጠፋም።

የት ይገኛል? ስፖቲፋይ ላይ ከዘፈኑ ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች ስትነኩ ክሬዲት የሚል ምርጫ አለ። ዩቱዩብ ላይ ከቪዲዮው ስር ያለውን መግለጫ ክፈቱት። ሙዚቀኞች ሥራቸውን በቀጥታ በሚሸጡበት ባንድካምፕ የተባለ ድረ ገጽ ላይ ከአልበሙ ገጽ ግርጌ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ጥልቅ መግባት ለሚፈልግ ዲስኮግስ የሚባል ትልቅ የሥራዎች መዝገብ አለ። እዚያ የአቀናባሪውን ስም ስትነኩ የነካካው ሥራ ሁሉ ይዘረገፋል።

አሁን በምሳሌ እንሂድበት። ከለላ ሚዛነክርስቶስ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ዋሽንግተን ተወልዳ ሜሪላንድ ያደገች ዘፋኝ ናት። በ2013 «ከት ፎር ሚ» የተባለውን ሚክስቴፕ በነፃ ለቀቀች። ያሳተመው ፌድ ቱ ማይንድ የሚባል የሎስ አንጀለስ ትንሽ ሌብል (ሙዚቃ አሳታሚ) ነው። ክሬዲቱ ላይ ኪንግደም፣ ቦክ ቦክ፣ ጃም ሲቲ፣ ንጉዙንጉዙ የሚሉ ስሞች አሉ። ያኔ እነዚህን ከክለብ ሙዚቃ ወዳጆች ውጪ ብዙ ሰው አያውቃቸውም።

እስቲ ከነሱ ኪንግደምን እንያዝ። የራሱን አልበም በ2017 መጀመሪያ አወጣ። እንግዶቹን ስታዩ ሲዛና ሲድ የተባሉትን ዘፋኞች ታገኛላችሁ። ሲዛ ስሟን በዓለም ያስጠራውን አልበም ያወጣችው ከዚያ ጥቂት ወራት በኋላ ነው። ኪንግደምን ሲከታተል የቆየ አድማጭ ሁሉም ሰው ከመንጫጫቱ በፊት ድምጿን ለምዶታል። ቦክ ቦክን የያዘ ደግሞ ለንደን ይደርሳል። ናይት ስለግስ የሚባለው የፌድ ቱ ማይንድ እህት ሌብል ከመሥራቾቹ አንዱ እሱ ነው። ንጉዙንጉዙን የያዘስ? ንጉዙንጉዙ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ፣ አስማ ማሩፍ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ በ2023 በወጣው የከለላ «ሬቨን» አልበም ላይ ከዋናዎቹ አቀናባሪዎች አንዷ ሆና ትገኛለች። ከአንድ ሚክስቴፕ ተነስታችሁ ሦስት መንገድ ወጣላችሁ። ሁሉንም በአንድ ማታ አትሂዱባቸው፣ ይሰለቻል። በሳምንት አንዱን ያዙ።

በእስራኤልም ተመሳሳይ ነገር አለ። ኤስተር ራዳ ሶልን ከኢትዮ ጃዝ ጋር እያዋሃደች የምትዘፍን ቤተ እስራኤላዊት ናት። የመጀመሪያ ኢፒዋ (ከአልበም የሚያጥር ሥራ) በ2013 ሲወጣ ያቀናበሩት ኩቲማንና ሳቦ ነበሩ። ኩቲማንን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሰው ያውቀዋል። በ2009 ከተለያዩ ሰዎች የዩቱዩብ ቪዲዮዎች ቁርጥራጭ እየለቀመ አልበም የሠራው ሰው ነው። እሱን የሚከታተል ሰው ኤስተርን ለማግኘት ማንም እንዲጠቁመው አያስፈልገውም።

3. «ፊቸሪንግ» የሚለውን አትዝለሉ

ኤሌክትሮኒክ አቀናባሪዎች ብዙዎቹ አይዘፍኑም። ስለዚህ ድምፅ ይዋሳሉ፤ ያዋሳቸው ሰው ስም ከ«ፊቸሪንግ» ቀጥሎ ይጻፋል። ብዙ ጊዜ የሚዋሱት ደግሞ ገና አልበም ካላወጣ ጓደኛ ነው።

ሰብትራክት የተባለው የለንደን አቀናባሪ በ2011 ያወጣው አልበም ጥሩ ማሳያ ነው። እንግዶቹ መካከል ሳምፋና ጄሲ ዌር አሉ። ሁለቱም ያኔ የራሳቸው ሙሉ አልበም አልነበራቸውም። ጄሲ ዌር በቀጣዩ ዓመት የራሷን ይዛ መጣች። ሳምፋ ግን አልቸኮለም። በ2013 አንድ ኢፒ፣ መሐል ላይ ለድሬክና ለሶላንጅ ድምፁን ማዋስ፣ ከዚያ በ2017 «ፕሮሰስ» የተባለው የመጀመሪያ አልበሙ። በዚያው ዓመት የእንግሊዞቹን የመርኩሪ ሽልማት ወሰደ። ከ2011 ጀምሮ የያዘው አድማጭ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲያድግ አይቶታል ማለት ነው። ለኔ የዚህ ነገር ጣዕሙ እዚህ ላይ ነው። ድምፁ ሲበስል፣ ድፍረቱ ሲጨምር እያዳመጡ አብሮ መቆየት።

4. ትንንሽ ሌብሎችን ተከተሉ

ትልቅ ኩባንያ ሁሉንም ዓይነት ሙዚቃ ያወጣል፣ እሱን መከተል ምንም አይነግራችሁም። በዓመት ሦስትና አራት ሥራ ብቻ የሚያወጣ ሌብል ግን ጆሮ አለው። አንድ ሥራውን ከወደዳችሁ ሌላውንም የመውደድ ዕድላችሁ ሰፊ ነው።

ዋሽንግተን ዲሲ የተመሠረተው 1432 አር እንዲህ ያለ ነው። በ2014 «ያራዳ ልጅ» የተባለውን የሚካኤል ሰይፉን ኢፒ አወጣ። ሚካኤል ኒው ጀርሲ ራማፖ ኮሌጅ ተምሮ አዲስ አበባ የተመለሰ አቀናባሪ ነው። የክራርና የማሲንቆ ድምፅ ከኤሌክትሮኒክ ምት ጋር የሚገጥምበትን ሥራውን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ይለዋል። ሁለት ዓመት ቆይቶ «ዘላለም» የተባለው ኢፒው በኒውዮርኩ አርቪኤንጂ በኩል ወጣ። እዚያው 1432 አር ገጽ ላይ ወረድ ካላችሁ እንደገና ሙሉ የተባለውን አቀናባሪ ታገኛላችሁ፣ «ኢትዮጵያን ሬከርድስ» በሚል ስም የሚሠራውን። ሮፍናን በ2018 «ነፀብራቅ»ን ይዞ ሲመጣ ብዙው ሰው የሀገር ድምፅና ኤሌክትሮኒክ አንድ ላይ ሲሄዱ የሰማው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። እነዚህን ገጾች ሲጎበኝ የከረመ ሰው ግን ጆሮው ተዘጋጅቶ ነው የጠበቀው።

ባንድካምፕ ላይ አንድ የምወደው ዘዴ አለ። ከአልበሙ ስር የገዙት ሰዎች ትንንሽ ምስሎች ይደረደራሉ። አንዱን ንኩት፤ ያ ሰው ሌላ ምን እንደገዛ ይታያል። አምስት የሚሆኑ አልበሞች ከናንተ ምርጫ ጋር ከተገጣጠሙ፣ ስድስተኛውን ሳታመነቱ ክፈቱት። ብር ያወጣ ሰው ምርጫ ከአልጎሪዝም የበለጠ ይታመናል፣ ቢያንስ እኔ አምነዋለሁ።

5. የሰው እጅ ያለበትን ሬዲዮ ስሙ

ከ2011 ጀምሮ ከለንደን የሚተላለፈው ኤንቲኤስ የኢንተርኔት ሬዲዮ በነፃ ይደመጣል። ፕሮግራሞቹ ይቀመጣሉ፣ የብዙዎቹ የዘፈን ዝርዝርም ይጻፋል። ቪዲዮ ለሚመርጥ የበርሊኑ ከለርስ አለ፣ በአንድ ቀለም ክፍል ውስጥ አንድ ዘፋኝ ብቻውን የሚቆምበት። የአሜሪካው ታይኒ ዴስክም አለ። ዳታ ለሚቆጥብ ሰው ድምፅ ብቻ የሆነው ኤንቲኤስ ይሻላል። ቪዲዮውን ዋይፋይ ስታገኙ ትደርሱበታላችሁ።

6. ስታዳምጡ ሄድፎን አድርጉ

የስልክ ስፒከር ቤዝ አያወጣም። የዚህ ሙዚቃ ግማሹ ደግሞ ያለው ቤዙ ላይ ነው። ርካሽም ቢሆን የጆሮ ማዳመጫ ተጠቀሙ። አዲስ ሥራ በመጀመሪያው ቀን ግራ ቢያጋባችሁ አትፍረዱበት። ለሳምንት ተዉትና ተመለሱበት። አሁንም ካልገባችሁ ጣሉት፣ ግዴታ የለባችሁም። ያልታወቀ ሁሉ ጥሩ አይደለም። አንዳንዱ ያልታወቀው ስለማይረባ ነው።

አሁን አሁን ሌላም ነገር መጥቷል። በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የተመረተ ሙዚቃ በሰው ስም ፕሌይሊስት ውስጥ ይገባል። በጥቂት ወራት አሥር አልበም ያወጣ፣ የአንድም ሰው ስም ክሬዲቱ ላይ የሌለ፣ መድረክ ላይ ቆሞ የታየበት ቪዲዮ የማይገኝ «አዲስ ሶል ዘፋኝ» ካያችሁ ጠርጥሩ። ክሬዲት የማንበብ ልማድ እዚህም ያግዛችኋል።

7. ካገኛችሁት በኋላ

የጀማሪ ሙዚቀኛ ዘፈን አውርዶ ቴሌግራም ቻናል ላይ መለጠፍ እሱን ማስተዋወቅ ይመስላል። አይደለም። ፋይሉ ይዞራል፣ የሰማው ሰው ቁጥር ግን እሱ ጋ አይደርስም። ከፋይሉ ይልቅ ሊንኩን ላኩ። ለሁለት መቶ ሰው ከመበተን፣ ለሚወድ አንድ ጓደኛ «ሁለተኛው ደቂቃ ላይ የምትገባዋን ድምፅ ስማት» ብሎ መላክ ይሻላል።

መክፈል ለሚችል ባንድካምፕ ጥሩ ነው። ከዲጂታል ሽያጭ የሚቆርጠው 15 በመቶ ነው፤ የክፍያ ማስተላለፊያ ወጪ ተቀንሶ የቀረው ለሙዚቀኛው ይሄዳል። ከ2020 ወዲህ ደግሞ በተወሰኑ ዓርቦች ድርሻውን ይተዋል፤ ግዢያችሁን ለነዚያ ቀናት ብታቆዩት ይመረጣል። ከሀገር ቤት ሆኖ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ውጭ ያለ ዘመድ ለልደታችሁ ምን ልላክ ሲላችሁ ከጫማ ይልቅ አልበም በሉት። ያም ካልሆነ ገጹን ፎሎው አድርጉ፣ ዘፈኑን ሴቭ አድርጉ። ነፃ ነው፣ ለጀማሪ ደግሞ እያንዳንዷ ትቆጠራለች።

ለንደን፣ ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም በርሊን የምትኖሩ ከሆነ ኮንሰርት ስትሄዱ ዋናው ዘፋኝ ከመውጣቱ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ግቡ። መክፈቻ ላይ የሚጫወተውን ብዙ ጊዜ ዋናው ዘፋኝ ራሱ ነው የሚመርጠው። አዳራሹ ባዶ ስለሚሆን ከፊት ትቆማላችሁ። ሲጨርስ ብዙውን ጊዜ በር አካባቢ ቲሸርቱን ራሱ ሲሸጥ ታገኙታላችሁ። ማን እንዳቀናበረለት ጠይቁት።