የስኪ ቡት እግሬን ሲያደነዝዝ የነበረው እንዴት እንደተፈታ

የስኪ (የበረዶ ላይ መንሸራተቻ) ቡቴን ባሰርኩ ቁጥር እግሬ ይደነዝዛል፣ ተረከዜ ደሞ ውስጥ ብድግ ይላል፣ ታዲያ ጠቦኝ ነው ወይስ ሰፍቶኝ? ሰፍቶኝ ነው ለካ። ቡት ሲሰፋ ተረከዝ እንዲይዝ ብላችሁ ማሰሪያውን ጥርቅም ታደርጉታላችሁ፣ እሱ ደሞ የእግርን ጀርባ ይጫንና ደም በደንብ አይዘዋወርም።

የፈታው ጥሩ ፊተር፣ ማለትም ቡትን ለእግር ልክ የሚያስተካክል ባለሙያ፣ ማግኘት ነው። ገና ቡት ሳያመጣ ሁለቱንም እግሬን ቆሜም ተቀምጬም ለካ፣ ቁርጭምጭሚቴ ምን ያህል እንደሚታጠፍ አየ። የጫማ ቁጥር ብቻ ጠይቆ ካርቶን የሚያወርድ ካጋጠማችሁ በቃ ውጡ። ከዛ ላይነሩን (ውስጡ ያለውን ለስላሳ ክፍል) አውጥቶ ባዶ ሼሉ (ጠንካራው የውጪ ክፍል) ውስጥ እግሬን አስገባ፣ ጣቶች ፊቱን ሲነኩ ከተረከዝ ኋላ የሚቀረው ክፍተት ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው መሆን ያለበት፣ የድሮው ቡቴ ግን ከዛ በጣም ያልፍ ነበር። የስኪ ቡት ቁጥር እኮ የእግር ርዝመት በሳንቲ ሜትር ነው (26 እና 26.5 ደሞ አብዛኛውን ጊዜ ሼላቸው አንድ ነው፣ ስለዚህ በግማሽ ቁጥር አትጨቃጨቁ)።

አዲሱ መጀመሪያ ያስጨንቃል። ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ ጣት ጫፉን ይነካል፣ ጉልበት ወደፊት ሲታጠፍ ይላቀቃል፣ ትክክሉ እሱ ነው። የውስጥ እግሬን የሚደግፍ ሶል አስገባልኝ፣ በትንሿ ጣቴ በኩል አጥንቴን የሚነካበትን ቦታ ሼሉን አሙቆ ወደ ውጪ ገፋው። ካልሲ አንድ ቀጭን ብቻ፣ መደረብ ያባብሳል። ላይነር እየተለበሰ ስለሚሰፋ ሱቅ ውስጥ እንደ ነጠላ ጫማ የተመቸ ቡት በኋላ ይሰፋል።