ጀርመንኛ ለጀመራችሁ፦ «ዚ» የእኛው «እርስዎ» ነው

«ዱ» (አንተ ወይም አንቺ) እና «ዚ» ግራ ካጋቧችሁ በእንግሊዝኛው «ዩ» በኩል አትሂዱ። እሱ አንተንም፣ አንቺንም፣ እናንተንም፣ እርስዎንም በአንድ ጠቅልሎ ነው የሚይዘው። ቀጥታ ከአማርኛ ተነሱ።

እስቲ «ይመጣሉ» በሉ። እርስዎ ነዎት ወይስ እነሱ? ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ጀርመንኛውም «ዚ ኮመን» ሲል ልክ እንደዚሁ ነው። የግሱ እርባታ አንድ ስለሆነ የ«እነሱን» ካወቃችሁ የአክብሮቱን በነጻ አገኛችሁት ማለት ነው። ሲጻፍ ብቻ የአክብሮቱ «ዚ» ሁሌም በትልቅ ፊደል ይጀምራል።

ደግሞ «ዱ እንባባል» የሚለው ግብዣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከታላቅ ወይም ከአለቃ ነው። እስኪባል ድረስ «ዚ» ላይ ቆዩ። እኔ ቸኩዬ አከራዬን «ዱ» ስላቸው ስኒያቸውን አስቀምጠው ቀና ብለው አዩኝ።