ያስቸገረ ጎረምሳ ውሻ፦ ይቆይ ወይስ ለሌላ ቤት ይሰጥ?

አዲስ አበባ ውስጥ በሁለት ወሩ በካርቶን ታቅፎ ወደ ግቢ የገባ ቡችላ ባለቤቱን «ይህን ውሻ ምን ላድርገው?» የሚያሰኘው አብዛኛውን ጊዜ ከስምንተኛ ወሩ እስከ አንድ ዓመት ተኩል ባለው ዕድሜው ነው። በዚህ ወቅት አንድ ወንድ የጀርመን ሼፐርድ ክልስ ቁመናው የትልቅ ውሻ ነው፤ 42ቱም ጥርሶቹ ወጥተዋል፤ ጠባዩ ግን ገና አልበሰለም። ትናንት ሲጠሩት እየሮጠ ይመጣ የነበረው ዛሬ እንዳልሰማ ይሆናል፤ ከማስጫ ገመድ ላይ አንሶላ ያወርዳል፤ የአበባውን መደብ ይቆፍራል፤ ልጆች ላይ ዘልሎ ይጥላቸዋል፤ ሌሊቱንም ሲጮህ ያድራል። ትልልቅ ዝርያዎች በደንብ የሚረጋጉት ሁለት ዓመት ገደማ ሲሞላቸው፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በኋላ ስለሆነ፣ በአሥረኛው ወር የሚሰጥ ፍርድ ጉርምስናን ከክፉ ጠባይ ሳይለይ የመሰጠቱ ዕድል ሰፊ ነው። እኔም ቡቺ የተባለውን ውሻችንን በተመለከተ እዚሁ ስሕተት ላይ ለመውደቅ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር።

የመጀመሪያው ሥራ አንድ ደብተር መግዛት ነው። ለሦስት ሳምንታት ያህል ውሻው ያስቸገረበትን እያንዳንዱን ጊዜ ይጻፉ፤ ምን እንዳደረገ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ማን አጠገቡ እንደነበረና ከዚያ በፊት በነበረችው አንድ ደቂቃ ውስጥ ምን እንደተፈጠረ ይመዝገብ። «ኃይለኛ ነው» ወይም «ባለጌ ነው» የሚሉ ቃላት ደብተሩ ውስጥ ቦታ የላቸውም፤ የሚጻፈው በዓይን የታየው ብቻ ነው። እኛ ቤት በሦስት ሳምንት ከተመዘገቡት አሥራ አንድ ጉዳዮች ስምንቱ የደረሱት ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ማለትም ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ በሰንሰለት የዋለው ውሻ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲገቡ በሚፈታበት ሰዓት ነበር። ለወራት «ልጆች አይወድም» ስንለው የከረምነው ውሻ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ አንድ ቦታ ታስሮ የዋለ ጎረምሳ ሆኖ ተገኘ።

ደብተሩ ሲሞላ የተጻፈውን በሦስት ይለዩት። አንደኛው ክፍል የሚያናድድ ነገር ግን ማንንም የማይጎዳ ነው፤ መቆፈር፣ ጫማ ማኘክ፣ መዝለል፣ መጮህ እዚህ ይገባሉ። ሁለተኛው ከፍርሃት የሚመነጭ ነው፤ እንግዳ ሲገባ ጅራቱን ወሽቆ እያፈገፈገ የሚጮህ፣ ሰው ወደ እርሱ ሲያጎነብስ የሚያጉረመርም ውሻ ብዙዎች እንደሚያስቡት ደፋር ሳይሆን የፈራ ነው። ቡችላ ሰውን፣ ልጆችንና ድምፅን መልመድ የሚጀምርበት ዋነኛው ጊዜ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ሦስተኛው ወር ገደማ ድረስ በመሆኑ፣ ያንን ጊዜ በጨለማ ክፍል ወይም በጠባብ ሳጥን ውስጥ ያሳለፈ ውሻ ጎረምሳ ሲሆን ፍርሃቱ አብሮት ያድጋል። ሦስተኛው ጥርስ ያረፈበት ጉዳይ ነው፤ ይህ ከሁለቱ ጋር በአንድ ሚዛን አይለካም።

ማንኛውም የጠባይ ለውጥ በተለይ ድንገተኛ ከሆነ ውሻውን ከመውቀስ በፊት ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል። የታመመ ጆሮ፣ የዳሌ ሕመም፣ ቆዳ ውስጥ የገባ መዥገር፣ በቡችላነቱ ታስሮለት ሳይቀየር አንገቱን የቆረጠ ማሰሪያ፣ እነዚህ ሁሉ ጨዋውን ውሻ ተናካሽ ያደርጉታል። በአገራችን ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ሰውንም እንስሳንም የማያድን በሽታ ስለሆነ ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው መከተብ፣ ክትባቱንም በየዓመቱ ማደስ ግዴታ አድርገው ይያዙት። ውሻው ሰው ከነከሰ፣ ክትባቱን የወሰደ ቢሆንም እንኳ፣ ቁስሉ ወዲያውኑ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ይታጠብ፤ ተነካሹም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ውሻው ጤነኛ መስሎ ከታየ ተለይቶ ለ10 ቀናት ክትትል ይደረግለታል። በእነዚህ ቀናት ውስጥ ከሞተ በሽታው የሚረጋገጠው ከአንጎሉ በሚወሰድ ናሙና ስለሆነ ሬሳውን ከመቅበርዎ በፊት ለጤና ተቋሙ ያሳውቁ። ብዙ ሰው ውሻው በነከሰ ማግስት ተናዶ ይገድለዋል ወይም ለሌላ ይሰጠዋል፤ ይህ ከሁሉም የከፋው ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም የተነካሹን ሁኔታ ለማወቅ የሚረዳው ውሻው ራሱ ነው።

ሕመም ከሌለበትና ነገሩ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች የሚመደብ ከሆነ፣ ለስምንት ሳምንታት አኗኗሩን ለውጠው ይሞክሩት። ጠዋት ከመታሰሩ በፊት ግማሽ ሰዓት፣ ማታም እንዲሁ፣ በገመድ ይዘውት ይውጡ። የሰፈሩ ሰው ውሻ ይዞ የሚሄድ ሰው ሲያይ ይገረም ይሆናል፤ ይገረም። የግድ መታሰር ካለበት በአንድ ችካል ከሚታሰር ይልቅ ሰንሰለቱ በተዘረጋ ሽቦ ላይ እየተንሸራተተ ወዲያና ወዲህ እንዲል ያድርጉ፤ ጥላና ውኃም በሚደርስበት ቦታ ይኑር። የሚያኝከው አጥንት ይስጡት፤ የተቀቀለ አጥንት ግን ተሰንጥሮ አንጀት ስለሚወጋ ይቅር። በመዝጊያው ሥር ባለው ክፍተት አላፊ አግዳሚውን እያየ የሚጮህ ከሆነ ክፍተቱን በላሜራ መድፈን ብቻ የጩኸቱን ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ማሠልጠኛው ደግሞ ጥፍር የምታህል የተቀቀለ ሥጋ ናት፤ ሲጠሩት በመጣ ቁጥር፣ ሳይዘል ቁጭ ባለ ቁጥር ትሰጠዋለች። እዚህ ላይ አንድ የቤታችን ጉድ አለ፦ አባት «ካም» ይላል፣ እናት «ና» ትላለች፣ ዘበኛው ያፏጫል፣ ልጆቹ ስሙን ይጮኻሉ፤ ከዚያም ውሻው አይታዘዝም ተብሎ ይከሰሳል። ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ቃል መርጠው ለቤተሰቡ ሁሉ ያስታውቁ።

ስለ ዱላ ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ውሻ ሲያጉረመርም መምታት የተለመደ ነው፤ የተመታውም ውሻ እውነትም ማጉረምረሙን ይተዋል። የተወው ግን ድምፁን እንጂ ፍርሃቱን አይደለም። ማጉረምረም «አትቅረበኝ» የሚልበት ግልጽ ቋንቋው ስለሆነ፣ ያንን የተከለከለ ውሻ ሌላ ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል፤ «ምንም ሳይል ነከሰው» የሚባልባቸውን ውሾች ታሪክ ወደኋላ ቢመረምሩ ብዙ ጊዜ ዱላ ያገኛሉ። ማኮላሸትም ቢሆን የሚጠቅመው በልኩ ነው፤ ከግቢ አምልጦ መዞርንና በየቦታው መሽናትን ይቀንሳል፤ ፈሪውን ውሻ ግን ደፋር አያደርገውም።

ከስምንቱ ሳምንታት በኋላ ውሳኔውን ብቻዎን አይስጡ። በብዙ ቤት የውሻው ጌታ ነኝ የሚለው ሰው ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ ሲሆን፣ ከውሻው ጋር የሚውሉት የቤት ሠራተኛዋና ዘበኛው ናቸው። ሠራተኛዋ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ በፍርሃት መጥረጊያ ይዛ የምትወጣ ከሆነ፣ እርስዎ ላይ ጅራቱን መቁላቱ ስለ ውሻው ምንም አይነግርዎትም። ደፍራ እንድትናገር ጊዜ ሰጥተው ይጠይቋት፤ ስሟም በደብተሩ ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ይቁጠሩ። አብረዋችሁ የሚኖሩ አዛውንትና ሕፃናት፣ በግቢው ያሉ ተከራዮች፣ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ኮንዶሚኒየም የመግባት ሐሳብ ካለ እርሱም ጭምር በሂሳቡ ይግባ። ሕጉንም ማወቅ ይበጃል፦ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 መሠረት የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦ ላደረሰው ጉዳት እንኳ ኃላፊ ነው። በመዝጊያ ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ብሎ መጻፍ ለጎብኚ ማስጠንቀቂያ ይሆናል እንጂ ለባለቤቱ መሸሸጊያ ነው ብዬ አልመክርም።

ውሻው ተሻሽሎ ከሆነ፣ በዝግታም ቢሆን፣ ያቆዩት፤ ሁለት ዓመት ገደማ እስኪሞላው ጉርምስናው ገና እንደሚቀጥል እያወቁ። ለሌላ ቤት መስጠት የሚገባው ችግሩ ከውሻው ይልቅ ከቤቱ ጋር የተያያዘ ሲሆን ነው፤ ጊዜ የሚሰጠው ሰው ከሌለ፣ ግቢው ከጠበበ፣ የሚሮጥ ሕፃን በሌለበት ቤት ተረጋግቶ ሊኖር የሚችል ከሆነ። ያለ ምክንያት ሰውን ደጋግሞ በጥልቀት የነከሰ ውሻ ግን ሌላ ነው። እርሱን ለማያውቅ ቤተሰብ መስጠት አደጋውን ከራስ ግቢ ወደ ሰው ግቢ ማሻገር ስለሆነ፣ ከእንስሳት ሐኪም ጋር በግልጽ ተመካክሮ ሳይሠቃይ እንዲያርፍ ማድረግ እስከሚደርስ ድረስ መነጋገር ይገባል። ከባድ ነው፤ ነገር ግን በመኪና ወስዶ ከከተማ ውጭ ከመጣል ይሻላል። እንደዚያ የተጣለ የግቢ ውሻ ምግብ ፍለጋ አያውቅም፤ የመንደሩ ውሾች ያባርሩታል፤ ከተረፈም ሰው መንከሱን ይቀጥላል።

ተቀባይ ሲፈልጉ ዋጋ ከመነጋገር በፊት ግቢውን ሄደው ይዩ። አጥሩ ምን ያህል ከፍ ይላል፣ ማን ይመግበዋል፣ ዶሮና በግ አለ ወይ፣ ውሻው ሌሊቱን የት ያድራል? ለመጋዘን ጥበቃ የሚፈልግ ሰው ኃይለኛነቱን ሲሰማ ደስ ይለው ይሆናል፤ ከፍርሃት የሚጮህ ውሻን ለዚያ መስጠት ግን ፍርሃቱን ሆን ብሎ ማሳደግ ነው፤ እኔ እንዲህ ዓይነቱን ጥያቄ ሁለት ጊዜ አልተቀበልኩም። ጉድለቱን ሁሉ ይናገሩ፤ ሰምቶ የሚሸሽ ሰው አስቀድሞ ቢሸሽ ይሻላል። የሁለት ሳምንት ሙከራ ተስማምተው፣ ካልሆነላቸው ወደ እርስዎ እንጂ ወደ ሦስተኛ ሰው እንዳይሄድ ቃል ይቀበሉ። ውሻው የሚተኛበትን ጨርቅና የሚበላበትን ሳሕን አብረው ይላኩ፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያለ ገመድ ከግቢው እንዳይወጣ ያሳስቡ፤ ሲደነግጥ የቀድሞ ቤቱን ፍለጋ ይሮጣልና።

ቡቺ ከስምንት ሳምንታት በኋላ ከልጆቹ ጋር ተስማማ፤ አንሶላም ማውረድ ተወ። ከምርኩዛቸው ጋር የሚሄዱት እናቴ ላይ መዝለሉን ግን አልተወም፤ እሳቸውም ከበረንዳው መውረድ ተዉ። ቢሾፍቱ ሁለት ጎልማሳ ወንድማማቾች በሚኖሩበት ሰፊ ግቢ ሲገባ፣ ከክትባት ካርዱ ጋር ደብተሩንም ሰጠኋቸው። ታናሹ ወንድም በሦስተኛው ቀን ደውሎ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ና» ነው ወይስ «ካም» የምትሉት?