ግብጦና ጓያ ሲዘጋጁ የሚሠሩ ስህተቶች

ከ100 ግራም ደረቅ ግብጦ ውስጥ ከ30 ግራም በላይ ፕሮቲን ነው፤ ከጓያ ደግሞ 25 ግራም ገደማ። የባቄላና የአተር ዋጋ ሲንር ሰው ወደ እነዚህ ቢዞር መልካም ነው። ግን ሁለቱም መርዝ አላቸው፤ መርዛቸውም ለየቅል ነው።

ግብጦን ቆልቶ ብቻ መብላት። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ሰሚ እስኪገኝ ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል። ግብጦን የሚያመሩት አልካሎይድ የሚባሉ ውህዶች ናቸው፤ ዋናው ሉፓኒን ነው። እሳት አያጠፋቸውም። ቢቆላም ቢጋገርም፣ ውሃ ጠርጎ ካልወሰዳቸው እዚያው ናቸው። የጎጃም እናቶች ግብጦውን ቆልተው ወንዝ ውስጥ ለቀናት የሚያቆዩት ለዚህ ነው፤ ሙቀቱ ፍሬውን ይገድለዋል፣ የሞተ ፍሬ ደግሞ መራራውን አጥብቆ መያዝ ስለማይችል ውሃው ይዞት ይሄዳል። ሂሳቡን እንየው፦ መራራ ግብጦ ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ አልካሎይድ ሊኖረው ይችላል፤ በኪሎ ከ10 እስከ 20 ግራም ማለት ነው። አውስትራሊያ ለምግብ የምትፈቅደው በኪሎ 0.2 ግራም ብቻ ነው። ስለዚህ ከ98 እስከ 99 በመቶው መውጣት አለበት። በአንድ ሌሊት የሚሆን አይደለም!

ወንዝ ለሌለው፦ 1 ኪሎ ግብጦ በ4 ሊትር ውሃ ያሳድሩ፣ ውሃውን ይድፉ። በአዲስ ውሃ 1 ሰዓት ይቀቅሉ፣ እሱንም ይድፉ። ሲበርድ ገለፈቱን ይላጡ። ከዚያ ቢያንስ 5 ቀን ቀዝቃዛ ቦታ ዘፍዝፈው ውሃውን በቀን 3 ጊዜ ይለውጡ። ከሸተተ ወይም ካሟለጨ ይጣል።

ሳይቆሉም ሳይቀቅሉም ለቀናት መዘፍዘፍ። ፕሮቲኑ ከውሃው ጋር ይሄዳል፣ ምሬቱ ይቀራል።

ከላይ አንድ ፍሬ ቀምሶ መወሰን። ከላይም ከመሃልም ከሥርም 10 ያህል ፍሬ ያውጡ፤ እያንዳንዱን ከፍለው መሃሉን በምላስ ነክተው ይትፉት። አንዱ እንኳ ከመረረ ውሃ መለወጡ ይቀጥላል። ምሬቱን በጨውና በሚጥሚጣ መሸፈን ራስን ማታለል ነው።

የተደፋውን ውሃ ለከብት መስጠት። መርዙ ያለው እዚያ ነው።

አፍ ከደረቀ፣ ዓይን ብዥ ካለ፣ ካዞረ ወይም ሽንት እምቢ ካለ ወደ ሕክምና ይሂዱ፤ ግብጦ መበላቱንም ይንገሩ። ለውዝ የማይስማማው ሰው በደንብ የታጠበ ግብጦም ላይስማማው ይችላል።

ጓያን እንደ ግብጦ መዳኘት። ጓያ አይመርም፤ ስለዚህ ምላስ አያስጠነቅቅም። ኦዳፕ የተባለው ውህዱ እግርን ያሽመደምዳል፤ አንዴ ከደረሰ ደግሞ መድኃኒት የለውም። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ደምቢያና ፎገራ ላይ ብዙ ሰው የተጎዳው በዚሁ ነው። አደጋው የሚመጣው ጓያ ከዕለት ምግብ ሲሶውን አልፎ ለ2 ወይም 3 ወር ሲዘልቅ ነው፤ አንድ ቀን የተበላ ጓያ አያሽመደምድም።

እንፋሎቱን ፈርቶ ቆሎውን መቆርጠም። ብዙ ሰው ጓያ ሲነፈር ከእንፋሎቱ ይሸሻል፣ ገለባው ላይም አይተኛም። ጉዳቱ ያለው ግን በመብላቱ ነው። በተለይ እሸቱ፣ ቆሎውና ንፍሮው ናቸው አደገኞቹ። በፈላ ውሃ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሳል እንጂ አይጨርሰውም።

ጓያን ለብቻው መብላት። ቢያንስ ሦስት እጅ ስንዴ ወይም ጤፍ ለአንድ እጅ ጓያ ይሁን። ጥራጥሬ የሚጎድሉት ሰልፈር ያላቸው አሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን የሚገነባባቸው ውህዶች) በእህል ውስጥ ስለሚገኙ፣ የጓያው ድርሻ ከማነሱም በላይ ሰውነት መርዙን እንዲቋቋም ያግዛሉ። በገበያ ሽሮ ውስጥ ጓያ ሊኖር ስለሚችል ያንንም ከድርሻው ይቁጠሩት።