ጥቁር ድብ ለማደን ያለ ጋይድ ካናዳ ስትሄዱ የሚሠሩ ስህተቶች

ስፕሪንግ መጣ ሲባል ስልኬ መጮህ ይጀምራል። እዚህ ሚኒሶታ ያሉ ልጆች፣ ላይሰንሱንም ጠመንጃውንም አውጥተው ሁለት ሦስት ዓመት አጋዘን ያደኑ፣ "ዘንድሮ ድብ ልሞክር፣ ጋይድ ግን ውድ ነው፣ ሎጅ ብቻ ይዤ ራሴን ችዬ ብሄድስ?" ይሉኛል። ይቻላል። እኔ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ሰሜን ምዕራብ ኦንታሪዮ፣ ሬድ ሌክ አካባቢ አራት ጊዜ ሄጃለሁ። ሃይዌይ 105 ሬድ ሌክ ላይ ያበቃል፣ ከዛ ወዲያ ሐይቅ ላይ በምታርፍ ትንሽ አውሮፕላን ነው የሚኬደው። እዛ ደርሳችሁ የረሳችሁትን የምትገዙበት ሱቅ የለም፣ ስልክም አይሠራም፣ ስለዚ ከምነግራችሁ ስህተቶች አብዛኞቹ የሚሠሩት ገና ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ነው።

"ያለ ጋይድ" የሚለውን ቃል ሳይጠይቁ ማመን

ይሄ ቃል በየሎጁ ትርጉሙ ይለያያል። አንዱ ጋ ሰዎቹ ቀድመው ቤይት (ድቡን የሚስበውን ምግብ) አስቀምጠው፣ ዛፍ ላይ መቀመጫ አስረው፣ በጀልባ ወስደው ቦታውን አሳይተዋችሁ ከዛ በኋላ ነው ብቻችሁን የምትሆኑት። ሌላው ጋ ደግሞ ካርታና የጀልባ ቁልፍ ሰጥተዋችሁ በቃ ቻዎ ነው። ሁለቱም "ያለ ጋይድ" ይባላል፣ ዋጋቸውም ብዙ አይራራቅም። እኛ የመጀመሪያ ዓመት የሄድንበት ሎጅ "ሁሉም ነገር ሬዲ ነው" ብሎን ስንደርስ የቤይቱ በርሜሎች ባዶ ነበሩ፣ ድብ ወደ ቦታው መምጣት እስኪጀምር ከስድስት ቀናችን ሦስቱ ሄደ። ስለዚ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት በኢሜል ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ያዙ፦ ቤይቱን ማነው የሚያስቀምጠው፣ ከመቼ ጀምሮ? ለአንድ አዳኝ ስንት ቦታ አለው? የጀልባው ነዳጅ በማን ነው? የቆሰለ ድብ ከጠፋብኝ አብሮኝ የሚፈልግ ሰው አለ? ፍሪዘር ወይ በረዶ አላችሁ? የመጨረሻዋን ጥያቄ ማንም አይጠይቃትም፣ እኔ ግን ዛሬ ቀድሜ የምጠይቃት እሷን ነው፣ ለምን እንደሆነ ወደታች ታዩታላችሁ።

ሌላ ነገር፣ ኢንተርኔት ላይ ርካሽ ካቢን ስላገኛችሁ ብቻ ኦንታሪዮ ውስጥ ድብ ማደን አትችሉም። ከአሜሪካ ለሚሄድ ሰው ላይሰንሱ የሚሠራው ፈቃድ ያለው የቱሪዝም ድርጅት ለድብ አደን የማረጋገጫ ሰርተፍኬት ሲሰጠው ነው፣ እነሱ ደግሞ በመንግሥት መሬት ላይ የተመደበላቸው ቤር ማኔጅመንት ኤሪያ የሚባል ክልል አላቸው። የምታናግሩት ሎጅ ይሄ ክልልና ሰርተፍኬት እንዳለው መጀመሪያ አጣሩ።

ሳምንቱን በላይሰንስ ካሌንደር ብቻ መምረጥ

የስፕሪንጉ አደን ከሜይ 1 እስከ ጁን 15 ነው። (በ1999 ተዘግቶ ነበር፣ በ2014 በሙከራ ተጀመረ፣ በ2021 ነው በቋሚነት የተመለሰው።) አዲስ ሰው ያንን ያይና "ቀድሜ ልግባ" ብሎ የሜይ የመጀመሪያዋን ሳምንት ይይዛል። እዛ አካባቢ እኮ በዛን ሰዓት ሐይቁ ገና በረዶ ሊሆን ይችላል፣ በረዶ ላይ ደግሞ ያቺ አውሮፕላን አታርፍም። በጣም ስትዘገዩ ደግሞ ብላክ ፍላይ የምትባለዋ ትንኝ መሰል ዝንብ ትጠብቃችኋለች፣ ጆሮ ግንዳችሁን እስኪደማ ነው የምትበላችሁ፣ የፊት መረብ ሳይዙ አራት ሰዓት ዛፍ ላይ መቀመጥ አይታሰብም። እኔ የሜይ ሦስተኛና አራተኛ ሳምንት ነው የምወደው። በዚያ ላይ ከመመለሻችሁ በኋላ አንድ ሁለት ባዶ ቀን ተዉ፣ ጭጋግ ከወረደ ፓይለቱ አይመጣም፣ "ሰኞ ሥራ አለኝ" ብሎ መጨቃጨቅም ዋጋ የለውም።

ቦርደር ላይ መቅረት

ግሪን ካርድ ያላችሁ ይሄን በደንብ አንብቡልኝ። ከኤፕሪል 26፣ 2022 ጀምሮ ካናዳ ለመግባት ግሪን ካርዱ ብቻውን አይበቃም፣ ጊዜው ያላለፈበት የሀገራችሁ ፓስፖርት አብሮ መኖር አለበት። ስንቱ የኢትዮጵያ ፓስፖርቱ ካለቀ ዓመት አልፎታል፣ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው፣ ማሳደሻው ደግሞ ወራት ሊወስድ ይችላል። ሎጁን ከመያዛችሁ በፊት አውጥታችሁ ቀኑን እዩት።

ጠጥቶ መንዳት ሪከርዳችሁ ላይ ካለ ደግሞ፣ ካናዳ ከዲሴምበር 2018 ጀምሮ ነገሩን እንደ ከባድ ወንጀል ስለምታየው ከበሩ ሊመልሷችሁ ይችላሉ። "የድሮ ነው፣ ከፍዬ ጨርሻለሁ" ማለት አይሠራም፣ ቀደም ብላችሁ ጠበቃ አማክሩ። ከዚህ በፊት አብሮን ሊሄድ የነበረ ልጅ በዚሁ ምክንያት ፎርት ፍራንሲስ ላይ ተመልሷል፣ ከፍሎ፣ ከሚኒያፖሊስ አምስት ሰዓት ነድቶ። በጣም ነው ያዘንኩለት።

ጠመንጃውን በተመለከተ፦ ፎርም 5589 የሚባለውን ቤታችሁ ሙሉት፣ ፊርማችሁን ግን ኦፊሰሩ ፊት እስክትቆሙ አታስቀምጡ። ክፍያው 25 የካናዳ ዶላር ነው፣ ለ60 ቀን ይሠራል። ሽጉጥ ቤታችሁ ይቅር፣ "ለድብ መከላከያ ነው" የሚባል ነገር አይሰሙም። ኤአር-15 እና መሰሎቹ ከሜይ 2020 ጀምሮ የተከለከሉ ናቸው፣ ዝርዝሩ ከዛ ወዲህም ጨምሯል፣ ስለዚ ተራ ባለ ቦልት ጠመንጃ ይዞ መሄድ ነው የሚሻለው። ለሰው ተብሎ የተሠራ ፔፐር ስፕሬይ እዛ የተከለከለ መሣሪያ ነው፣ ለድብ ተብሎ የተጻፈበት ስፕሬይ ግን ችግር የለውም። ስትመለሱ ጠመንጃው የእናንተ እንደነበር እንዳትከራከሩ ደግሞ ከመውጣታችሁ በፊት የአሜሪካ ጉምሩክ ቢሮ ሄዳችሁ ፎርም 4457 አስሞሉ።

ሻንጣ ማብዛት

ቢቨር የምትባለዋ አውሮፕላን ሰው፣ ዕቃና ጠመንጃ ተመዝኖ ነው የምትነሳው፣ ሎጁ ለአንድ ሰው የሚፈቅደው ኪሎ ስንት እንደሆነ ጠይቁና ቤታችሁ መዝኑ። ምግብ ላይ እኛ ዕድለኞች ነን፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮ፣ ቀላልና ደረቅ፣ ሳምንት ያቆያል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ድብ ማሽተት ላይ የሚያክለው የለም። ካቢን ውስጥ በርበሬና ሽንኩርት ስታቁላሉ የአደን ልብሳችሁ እዛው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከዋለ፣ ማታ ዛፍ ላይ የወጣው ወጥ ቤቱ ነው። ልብሱን በታሰረ ፕላስቲክ ውጪ አስቀምጡት። ነፋሱ ከእናንተ ወደ ቤይቱ የሚነፍስበት ቀን ደግሞ እዛ ቦታ አትቀመጡ፣ ሌላ ቦታ ሂዱ፣ ለዚህ ነው ከአንድ በላይ ቦታ የሚያስፈልገው።

በሳተላይት መልእክት የሚልክ እንደ ኢንሪች ያለ መሣሪያ የግድ ነው። እሱ ላይ አትቆጥቡ።

የመጀመሪያውን ድብ ማጣደፍ

ከሁሉም በላይ ትዕግሥት የሚጠይቀው እዚህ ጋ ነው፣ እና ጋይድ ሳይኖር ሲቀር "ተው፣ ጠብቅ" የሚል ሰው አጠገባችሁ የለም። በስፕሪንግ ደቦሎችንም ደቦል ያላትን እናትም መግደል በኦንታሪዮ ሕግ ክልክል ነው። ችግሩ እናቲቱ ብዙ ጊዜ ደቦሎቿን ዛፍ ላይ አስወጥታ ብቻዋን ትመጣለች። አምስት ደቂቃ አይታችሁ "ብቻዋን ናት" ማለት አይቻልም። እኔ ሁለተኛው ዓመት ላይ ጣቴ ምላጩ ጋ ደርሶ ነበር፣ ባልደረባዬ ከመሄዳችን በፊት "ቢያንስ ሃያ ደቂቃ እያት" ያለኝ ትዝ ብሎኝ ተውኩት፣ ብዙም ሳይቆይ ሁለት ድመት የሚያካክሉ ነገሮች ከግንዱ ተንሸራተው ወረዱ። ያን ቀን ካቢን ገብቼ እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ተኩሼ ቢሆን ኖሮ እያልኩ።

ትልቅነቱን ለማወቅ ጆሮውን እዩ። ትንሽ ድብ ጆሮው ትልቅና የቆመ ይመስላል፣ ትልቁ ወንድ ግን ጭንቅላቱ ስለሚሰፋ ጆሮው ትንሽ ሆኖ ወደ ጎንና ጎን ይርቃል። ቤይቱ በርሜል ከሆነ ከበርሜሉ ጋር አስተያዩት፣ ጥቁር ፀጉር በምሽት ብርሃን ሁሉንም ድብ ግዙፍ ያስመስለዋል።

ስትተኩሱ ጎኑን ሙሉ በሙሉ እስኪሰጣችሁና በእናንተ በኩል ያለውን የፊት እግር ወደፊት እስኪያራምድ ጠብቁ፣ ከወርቹ ኋላ፣ ከቁመቱ መሐል አካባቢ። ጭንቅላት ላይ አትሞክሩ። የድብ ፀጉርና ስብ ቀዳዳውን ስለሚደፍነው እንደ አጋዘን መሬት ላይ ብዙ ደም አታገኙም፣ በደንብ የተመታውም ቢሆን። ስኮፑንም አውሮፕላኗና ጀልባው ስለሚያናጉት እዛ እንደደረሳችሁ ሎጁ በሚያሳያችሁ ቦታ አንድ ሁለት ጥይት ሞክሩበት።

የምሽቱን የመጨረሻ አሥር ደቂቃ ለተኩስ መጠቀም

ሕጉ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግማሽ ሰዓት ይፈቅዳል። ሜይ መጨረሻ ላይ እዛ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው፣ ድቡም መምጣት የሚወደው በዛችው ሰዓት ነው። ግን አስቡት፣ ግማሽ ሰዓቱ ሲያልቅ ጠመንጃው ጥይቱ ወጥቶ ማህደሩ ውስጥ መግባት አለበት። የቆሰለ ድብ ጫካ ገብቷል፣ እናንተ ባዶ እጃችሁን በባትሪ ትከተሉታላችሁ? ጋይድ የለም፣ ኔትወርክ የለም። እኔ ለራሴ ያወጣሁት ሕግ አለኝ፣ የፀጉሩን ጫፍ በስኮፕ ለይቼ ካላየሁ አልተኩስም።

ስለ ስጋው ሳያስቡ መሄድ

አሁን ፍሪዘሩን ለምን እንደምጠይቅ ልንገራችሁ። እኛ ኦርቶዶክሶች ድብ አንበላም፣ ዘሌዋውያን 11 ላይ ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ ነው የሚለው፣ ድብ ሰኮናም የለው፣ አያመሰኳም። ሙስሊም ወንድሞቻችንም አይበሉም። ታዲያ ገድላችሁ ምን ልታደርጉት ነው? ኦንታሪዮ ውስጥ የሚበላ ስጋ ጥሎ መሄድ በሕግ ያስጠይቃል፣ ቆዳውን ይዞ ስጋውን ለጅብ የሚባል ነገር የለም። መሸጥም አይቻልም። ስለዚ ከመሄዳችሁ በፊት ስሙን የምታውቁት፣ "አዎ እወስዳለሁ" ያላችሁ ሰው መኖር አለበት። የእኔን የባልደረባዬ ቤተሰብ ይበላዋል፣ ሚስቱ ስቡን ሳይቀር አቅልጣ ትጠቀምበታለች፣ እሱ የማይመጣ ዓመት ግን እኔም አልሄድም። የሚበላው ሰው ሳይኖር ለፎቶና ለቆዳ ብሎ ነፍስ ማጥፋት ልክ አይመስለኝም፣ ይሄን ስል የሚከፋው ካለ ይክፋው።

ሥራው ደግሞ ከባድ ነው። ፀጉሩ ሙቀት ስለሚይዝ ከጥይቱ በኋላ ያለው ጊዜ አጭር ነው፣ ሆድቃው ቶሎ ካልወጣና ቆዳው ካልተገፈፈ ታፋው ውስጥ ያለው ስጋ ሌሊቱን ይበላሻል። በግ ገፈን ያደግን ሰዎች ብልት ማውጣቱ አይከብደንም፣ ግን ከ100 ኪሎ በላይ የሆነ እንስሳ ጫካ ውስጥ፣ በዝንብ መሐል፣ በባትሪ ነው። ሁለት ቢላ፣ ሞረድ፣ ጓንት፣ አየር የሚያስገባ የስጋ ከረጢት፣ ጠንካራ ገመድ ያዙ።

ስጋውን ለምትሰጡትም ሰው፣ ከእናንተ ውስጥ ለሚበላም፦ የድብ ስጋ ቁርጥ አይሆንም፣ ለብለብ ክትፎም አይሆንም፣ በጭራሽ! ትሪኪኔላ የሚባል ትል ሊኖረው ይችላል፣ የሰሜኑ ዓይነት ደግሞ ፍሪዘር አይገድለውም። በ2022 ሳውዝ ዳኮታ ላይ የተሰበሰበ አንድ ቤተሰብ ከሰሜን ሳስካችዋን የመጣ፣ 45 ቀን ፍሪዘር ውስጥ የቆየ የድብ ስጋ በልቶ ስድስት ሰው ታሟል፣ ሁለቱ እንዲያውም ስጋውን አልቀመሱም፣ አብሮት የተጠበሰውን አትክልት ነው የበሉት። ስጋው ጥቁር ስለሆነ መብሰሉ በዓይን አይለይም፣ መጀመሪያ የቀረበላቸውም ሳያውቁት በደንብ ያልበሰለ ነበር። ቴርሞሜትር ግዙ፣ ውስጡ 74 ዲግሪ ሴልሺየስ (በፋራናይት 165) ይድረስ። ጥሬውን የከተፋችሁበትን መክተፊያም ለሰላጣ እንዳትጠቀሙበት።

ሲመለሱ የሚረሱ ትንንሽ ነገሮች

ታጉ (ከላይሰንሱ ጋር የሚሰጣችሁ የድብ መለያ ወረቀት) ላይ እንደገደላችሁ ወዲያው የተገደለበትን ቀንና ሰዓት ቆርጣችሁ ምልክት አድርጉበት። ድቡን ከኦንታሪዮ ለማውጣት ኤክስፖርት ፐርሚት ያስፈልጋል፣ ከየት እንደሚወጣ ሎጁ ያውቃል፣ አሜሪካ ስትገቡም ዲክለር አድርጉ። ሐሞቱን ከሬሳው አውጥቶ መያዝ ክልክል ነው፣ ለመድኃኒት የሚፈልግ ሰው አውቃለሁ የሚል ቢመጣባችሁ አትስሙት። በመጨረሻ የአዳኝ ሪፖርት አለ፣ ምንም ባትገድሉም፣ ጭራሽ ሳትሄዱ ብትቀሩም ላይሰንሱን ከወሰዳችሁ መሙላት ግዴታ ነው። እኛ ያን ደቦሎቹን ያየሁበትን ዓመት ባዶ እጃችንን ነው የተመለስነው፣ ቤት እንደገባሁ ሻንጣዬን ሳልፈታ መጀመሪያ የሞላሁት እሱን ነበር።