ቀኑ በየት በኩል ሄደ? የራሱን ሥራ የሚሠራ ሰው ጊዜውን እንዴት ይይዛል

ስፌት ቤቴን ስከፍት በጣም ያስደሰተኝ በራሴ ሰዓት መሥራቴ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን ቀኔን የሚያዘው ሌላው ሰው ሁሉ ሆነ። ስልክ የሚደውል ደንበኛ፣ "ክር አለቀ" የሚል ሰፊ፣ "አንዴ ብቅ በይ" የሚል ጎረቤት። ማታ በሩን ስዘጋ ድክም ይለኛል፤ ዛሬ ምን ሠራሁ ብዬ ራሴን ስጠይቅ ግን መልስ የለኝም። በዚያን ሰሞን አንድ ትልቅ የዩኒፎርም ትዕዛዝ አመለጠኝ። የዋጋ ማቅረቢያውን ለመጻፍ የሚያስፈልገኝ ሁለት ሰዓት ጸጥ ያለ ጊዜ ብቻ ነበር፣ አሥር ቀን ሙሉ ያንን ሁለት ሰዓት ማግኘት አቃተኝ።

ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ ያስተካከልኩትን ነው የምጽፍላችሁ። ምሳሌዬ ስፌት ቤት ነው፤ ዳቦ ቤት ወይም ጋራዥ ያላችሁም ከራሳችሁ ጋር ታገናኙታላችሁ።

መጀመሪያ፦ አንድ ሳምንት ሙሉ ጻፉት

ምንም ነገር ሳትቀይሩ። ትንሽ ደብተር ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር፤ ከሰኞ ጠዋት እስከ ቅዳሜ ማታ በየግማሽ ሰዓቱ ምን ላይ እንደነበራችሁ አንድ መስመር ጻፉ። ማን እንዳቋረጣችሁም ጻፉ። በሳምንቱ መጨረሻ ቁጭ ብላችሁ ከእያንዳንዱ መስመር ጎን ምልክት አድርጉ፦ ይሄ ገንዘብ የሚያመጣ ነው (ልኬት መውሰድ፣ ዋጋ መስጠት፣ መሸጥ)፣ ይሄ ሥራውን የሚያስኬድ ነው (ዕቃ መግዛት፣ ደሞዝ፣ ግብር)፣ ይሄ ደግሞ የሌላ ሰው ጉዳይ ነው።

እኔ ያገኘሁት አስደነገጠኝ። በአንድ ሳምንት አራት ጊዜ መርካቶ ሄጃለሁ። አንዴ ለዚፕ፣ አንዴ ለገበር፣ አንዴ ለቁልፍ፣ አንዴ ደግሞ የረሳሁትን ክር ለማምጣት። ከመገናኛ መርካቶ ደርሶ መመለስ፣ መንገዱ ከተዘጋጋ፣ ግማሽ ቀን ነው። ሁለት ቀን ሙሉ መንገድ ላይ ነበርኩ ማለት ነው፣ እና ይህን ሳልጽፈው በፊት "ሥራ በዝቶብኝ ነው" እያልኩ ነበር የምኖረው።

ሁለተኛ፦ ጠዋት ሁለት ሰዓት ለራሳችሁ ያዙ

የእኔ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ነው። ስልክ ድምፁ ይጠፋል። በዚህ ሰዓት የሚሠራው ከእናንተ በቀር ማንም የማይሠራው ነገር ብቻ ነው፦ ዋጋ ማስላት፣ ውል ማንበብ፣ አዲስ ናሙና ማውጣት። ምን እንደምትሠሩ ማታውኑ ወስኑ፣ አንድ ነገር ብቻ፤ ጠዋት ተነስቶ መምረጥ ራሱ ሰዓት ይበላል።

ፖሞዶሮ የሚባለውን ዘዴ ሰምታችሁ ይሆናል፤ 25 ደቂቃ ሠርቶ 5 ደቂቃ ማረፍ። ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የተባለ ጣሊያናዊ በአውሮፓውያኑ 1980ዎቹ መጨረሻ ተማሪ ሳለ በቲማቲም ቅርጽ በተሠራ የወጥ ቤት ሰዓት የጀመረው ነው። ለወረቀት ሥራ በጣም ረድቶኛል፣ በተለይ ሒሳብ ለሚያስጠላው ሰው። ጨርቅ ስቆርጥ ግን አልጠቀምበትም። ጠረጴዛ ላይ የተነጠፈ ጨርቅ መሀል ላይ አይቆምም፤ መቀሱ ከገባ እስከ መጨረሻው ነው።

ሦስተኛ፦ የውጭ ጉዳይን በአንድ ቀን እሰሩ

የእኔ መርካቶ ማክሰኞ ነው። ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጥፌያለሁ፤ የሆነ ነገር ሊያልቅ ሲል ያየ ሰው ሁሉ ይጽፋል፣ ካለቀ በኋላ ሳይሆን አምስት ጥቅልል ሲቀር። ማክሰኞ ያንን ወረቀት ይዤ እወጣለሁ። ያልተጻፈ ነገር እስከሚቀጥለው ማክሰኞ ይጠብቃል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ሁለት ማሽን በክር እጦት ቆሞብኝ ነበር፣ አራተኛው ላይ ሁሉም ለመደው።

ክፍያ በስልክ ይለቅ። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ፣ ባንኮቹም መተግበሪያ ካወጡ ወዲህ፣ አብዛኛው የወረፋ ጊዜዬ ጠፍቷል። የጡረታ መዋጮውን (7 በመቶ ከሠራተኛው፣ 11 በመቶ ከአሠሪው) ደሞዝ በምታሰሉበት በዚያው ቀን አስሉት፣ ለየብቻ አትመለሱበት። በየወሩ የምታስታውቁት ግብር ካለም የመጨረሻውን ቀን አትጠብቁ፤ በዚያ ቀን ሰዉም ሲስተሙም ይጨናነቃል።

አራተኛ፦ ዓመቱን ግድግዳ ላይ ስቀሉት

ስለ ጊዜ አያያዝ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ቀን ነው። እኛ አገር ግን ሥራን የሚያዘው ዓመቱ ነው፣ በተለይ ከበዓልና ከጾም ጋር የተያያዘ ሥራ። እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ።

ትልቅ ካላንደር ግዙ። መጀመሪያ የማይንቀሳቀሱትን ቀናት ምልክት አድርጉ። ሐምሌ 1 የበጀት ዓመቱ ይጀምራል፤ የንግድ ፈቃድ እድሳትም ከዚያ ይከፈታል፣ እና ሐምሌ ላይ የጨረሰ ሰው ታኅሣሥ ላይ አይሯሯጥም። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ወላጆች ዩኒፎርም ፍለጋ ይመጣሉ፣ እንቁጣጣሽም እላዩ ላይ ይደርሳል። ጥር 11 ጥምቀት ነው፤ "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" ይባል የለ፣ ደንበኛም እንደዚያው ነው የሚያስበው። ጥር ደግሞ ሰርጉም የሚበዛበት ወር ነው።

ከዚያ የሚንቀሳቀሱትን። ፋሲካ በ2018 የሚውለው ሚያዝያ 4 ነው፣ በ2019 ደግሞ ሚያዝያ 24። የ20 ቀን ልዩነት ነው። ከፋሲካ በፊት ያለው የ55 ቀን ሁዳዴም አብሮት ይንቀሳቀሳል፤ በሁዳዴ የቤተ ክርስቲያን ሰርግ ስለሌለ የሰርግ ልብስ የሚሠራ ሰው ገበያው ቀዝቀዝ ይላል፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ በአንድ ጊዜ ይጎርፋል። ኢድ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ይመጣል። አምና የሠራንበትን ቀን ዘንድሮ ብንደግመው እንሳሳታለን።

አሁን ከእያንዳንዱ በዓል ወደ ኋላ ቁጠሩ። የጥምቀት ቀሚስ እኔ ጋ ጥር 5 መረከብ አለበት። ከዚያ በፊት ለሙከራና ለማስተካከያ አንድ ሳምንት። ሽመናው ራሱ ሳምንታት ይፈልጋል። ስለዚህ ኅዳር 30 ላይ የጥምቀት ትዕዛዝ መቀበል አቆማለሁ፤ ቀኑን በቀይ አክብቤዋለሁ፣ ቀብድ ይዞ የመጣንም ሰው በትህትና እመልሳለሁ። መጀመሪያ ያመኛል ብዬ ነበር። ነገር ግን ታኅሣሥ ላይ "እሺ" ብሎ ጥር 10 ሌሊት ከደንበኛ መሸሽ ይብሳል። ሁዳዴ ላይ ደግሞ ማሽን አስጠግናለሁ፣ አዲስ ልጅ አሠለጥናለሁ፣ ናሙና እሠራለሁ።

አምስተኛ፦ ሰዓቱን በሁለት ዓይነት ጻፉ

ውጭ አገር ደንበኛ ካላችሁ ይህ ቀልድ አይደለም። "9 ሰዓት" ስትሉ እናንተ ከሰዓት በኋላ ማለታችሁ ነው፣ እሷ ጠዋት ብላ ትረዳዋለች። ሁለቱንም ጻፉ፤ የአገራችንን አቆጣጠር እና የእሷን። እዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን በእኛው አቆጣጠር በበጋቸው ከቀኑ 7፣ በክረምታቸው ከቀኑ 6 ሰዓት ነው። የአሜሪካን መልእክቶች ሁሉ በዚያ ሰዓት ብቻ እመልሳለሁ፣ ሌሊት ስልኩ ሲያበራ አልነሳም።

ስድስተኛ፦ ለሠራተኛ ሥልጣን ስጡ

ደብተራችሁን ስታዩ የሠራተኛ ጥያቄ ይበዛል። "ይሄን ልግዛ?" "ይሄን ልቀንስለት?" እኔ ወሰን አስቀመጥኩ፦ እስከ 1,000 ብር የሆነ ወጪ ሳይደውሉልኝ ይወስናሉ፣ ደረሰኝ ያስቀምጣሉ። ቅዳሜ አብረን እናየዋለን። ስህተት ይኖራል፣ ነበረም፤ የተሳሳተውን ተቆጥቼ ቢሆን ግን ሰኞ ጠዋት ሁሉም እንደገና ይደውልልኝ ነበር።

የቀረው፦ ባዶ ቦታ ተዉ

ለቅሶ፣ እድር፣ የታመመ መጠየቅ፣ ጎረቤት ቤት ብቅ ማለት። ከላይ "የሌላ ሰው ጉዳይ" ብላችሁ ምልክት ያደረጋችሁበት ሁሉ የሚቆረጥ አይደለም። እኔ ሰው ሲያዝን አልቀርም፣ አንድም ሰው በሥራ ምክንያት እንዲቀር አልመክርም። የሚሻለው ሳምንቱን እስከ አፉ አለመሙላት ነው። ለደንበኛ "ሐሙስ ይደርሳል" የምለው ረቡዕ የሚያልቀውን ነው፣ እና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በካላንደሬ ላይ ምንም አልጽፍም። አንዳንዱ ሳምንት ለቅሶ ይወስደዋል፣ አንዳንዱ ሳምንት መብራት ሲጠፋ የዘገየ ሥራ። ምንም ያልመጣ ቀን ደግሞ ልጄን ከትምህርት ቤት ራሴ ሄጄ አመጣታለሁ።